እባቡ ያድጋል፣ ሳጥኑ አያድግም

«የእባብን ልብ አይቶ እግር ነሳው» ሲባል እየሰማን ላደግን ልጆች፣ ስለ እባብ መኖሪያ ቤት መጻፍ በሕልማችንም የመጣ ነገር አልነበረም። ለነገሩ እኛ ራሳችን ቤት የለንም! ፍራሽና ላፕቶፕ ተሸክመን ከአንዱ ሰርቪስ ቤት ወደ ሌላው የምንዞር ተከራዮች ነን። ምናልባት ነገሩ የቆረቆረን ለዚሁ ይሆናል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የምትኖር አንዲት ጓደኛችን የ12 ዓመት ልጇ ለልደቱ ምን እንደጠየቃት ስትነግረን ስልኩን ልንዘጋባት ምንም አልቀረን። እባብ! ያውም የዘንዶ ዘር! አማተበች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ተሸንፋ ገዛች። ቦል ፓይተን ይሉታል። አገሩ እነ ጋና፣ ቶጎና ቤኒን ናቸው። መርዝ የለውም፤ ሲፈራ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፣ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ሻጩ የጫማ ሳጥን የሚያህል ፕላስቲክ ዕቃ ጨምሮ ሰጣትና «ይበቃዋል» አላት። «እባብ ጠባብ ይወዳል። ደግሞ የሚያድገው በቤቱ ልክ ነው። ካደገም ያኔ ትቀይሪለታለሽ።»

ይበቃዋል! ይህችን ቃል ከአከራዮቻችን አፍ በደንብ እናውቃታለን።

የእኛ አቋም አጭር ነው። የእባብ ቤት የሚገዛው ዛሬ እጃችሁ ላይ ባለው ትንሽ እባብ ልክ ሳይሆን ነገ በሚሆነው ትልቅ እባብ ልክ ነው። ለትልቁ ቦታ የሌለው ሰው ትንሹን አይግዛ። የሻጩን ሦስት ሰበቦች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«እባብ ጠባብ ይወዳል።» ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይከፋል። እባብ የሚወደው መደበቂያ እንጂ ጠባብ ቤት አይደለም። እኛም ብርድ ልብስ ውስጥ መጠቅለል እንወዳለን፤ ታዲያ ቁም ሳጥን ውስጥ እንኑር? ሰፊ ቤት የገባ ትንሽ እባብ ፈርቶ መብላት ቢያቆም ጥፋቱ የስፋቱ ሳይሆን የባዶነቱ ነው። በሙቁ በኩል አንድ፣ በቀዝቃዛው በኩል አንድ ሰውነቱን እቅፍ የሚያደርግ መደበቂያ አስቀምጡለት፤ መሀሉን በቅጠልና በቅርንጫፍ ሙሉት።

ሙቅና ቀዝቃዛ ያልነው ለጌጥ አይደለም። እባብ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት ከውስጡ አያመነጭም። በልቶ ምግቡ እንዲፈጭለት ወደ ሙቀቱ ይሄዳል፣ ሲበዛበት ወደ ቅዝቃዜው ይመለሳል። ለቦል ፓይተን ሙቁ ጥግ ከ31 እስከ 33፣ ቀዝቃዛው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመከራል፤ ማሞቂያውም እንዳያቃጥለው በቴርሞስታት መገደብ አለበት። በጫማ ሳጥን ውስጥ ይህ ልዩነት ከየት ይመጣል? ወይ ሁሉም ይሞቃል፣ ወይ ሁሉም ይቀዘቅዛል። እሱ ቤት ሳይሆን ድስት ነው።

«የሚያድገው በቤቱ ልክ ነው።» ውሸት። ሳጥኑ ጠበበ ብሎ እድገቱን የሚያቆም እባብ የለም። ቦል ፓይተን ከእንቁላሉ ሲወጣ ከተማሪ ማስመሪያ ብዙም አይበልጥም፤ ሲያድግ ግን ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፣ ሴቷ ትበልጣለች። «ተጠቅልሎ ስለሚውል ርዝመት ምን ያደርግለታል?» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እባቦች ቦታ ሲያገኙ አካላቸውን ቀጥ አድርገው እንደሚዘረጉ አሳይቷል። ስለዚህ መለኪያው ቀላል ነው፤ የቤቱ ርዝመት ከእባቡ ርዝመት አይነስ። ላደገ ቦል ፓይተን 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ስፋትና 60 ከፍታ መነሻ እንጂ ጣሪያ አይደለም።

«ሲያድግ ትቀይሪለታለሽ።» ከሁሉም የከፋችው ይህች ናት። መዘዟን ማየት የሚፈልግ ፍሎሪዳን ይመልከት። በርሚዝ ፓይተን የሚባለው ትልቁ ዘንዶ ሲፈለፈል ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ግን ከ3 ሜትር ያልፋል። ቤት ሲጠባቸው ጫካ ወስደው የለቀቁት ባለቤቶችና ያመለጡ እባቦች ተደማምረው ኤቨርግሌድስ በሚባለው ረግረጋማ ፓርክ ውስጥ ዘሩ ተራባ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ዘንዶዎቹ ረጅም ጊዜ በቆዩበት የፓርኩ ክፍል ሲቆጠሩ የሚታዩት ራኩኖች በ99.3 በመቶ መቀነሳቸውን ዘግቧል። በ2023 እዚያው ፍሎሪዳ የተያዘችው ዘንዶ 5.79 ሜትር ነበረች። የዚህ ሁሉ መነሻ ምንድን ነው? «ሲያድግ እናስብበታለን» ያለ ሰው።

ቦል ፓይተን ያን ያህል አይገዝፍም፣ እውነት ነው። የእሱ ዕጣ ሌላ ነው፤ አይለቀቅም፣ ሳጥኑ ውስጥ ይረሳል። ደግሞ ዕድሜው ቀላል እንዳይመስላችሁ። በደንብ ከተያዘ 30 ዓመት ይኖራል። በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ አንዲት ቦል ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2020 እንቁላል ስትጥል ዕድሜዋ ከ60 በላይ ይገመት ነበር። የ12 ዓመቱ ልጅ ተመርቆ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ሲመጣ እባቡ እናቱ ቤት ይጠብቀዋል።

«ታዲያ እባብ የሚያሳድገው ሀብታም ብቻ ነው?» ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቤቱ ከእባቡ ይበልጥ ይወደዳል። ግን ሦስት ጊዜ ሳጥን ከመቀየር አንድ ጊዜ ትልቁን መግዛት ይረክሳል። ገንዘቡ ከሌለ ደግሞ መጠበቅ ይቻላል። ግዙኝ ብሎ የለመነ እባብ የለም።

ጓደኛችን ሳሎኗን በሜትር ለካች። ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ወጣ፣ በቦታው የ120 ሴንቲው ቤት መቆለፊያ ካለው በር ጋር ገባ። አሁንም እባቡን አትነካውም። «ግን ማታ ማታ ከዳር ዳር ሲዘዋወር አየዋለሁ» አለችን፤ ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት ብቻ አልነበረም።

እዚህ አዲስ አበባ እባብ የሚያሳድግ ጓደኛ የለንም። መንገድ ዳር ቡችላ ገዝተው፣ ካደገ በኋላ በአንድ ሜትር ሰንሰለት አጥር ላይ የሚያስሩ ጎረቤቶች ግን ሞልተውናል። «ለምን?» ስንላቸው መልሳቸው ያው የምናውቃት ቃል ናት።

ይበቃዋል።

አይበቃውም።