የአያት ኪታብ ከማን እጅ ይቀራል?



ሃይማኖት በአንድ ኅብረተሰብ ባህልና ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ድርሻ ምን ያህል ነው የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ አብዛኞቻችን ወዲያው ወደ ባግዳድና ወደ ቁርጡባ፣ ወደ ካይሮና ወደ ደማስቆ እንሮጣለን። መሮጣችን አይከፋም። ነገር ግን የምንሮጠው ጓዳችን ውስጥ፣ ከቆጥ ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ኪታብ አልፈን ነው። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሣው ይህንኑ የቆጡን ኪታብ ነው።

ነገሩ በብዙ ቤት የሚታይ ነው። የቤቱ ሽማግሌ ወደ አኼራ ይሄዳሉ፤ ሰደቃው ይወጣል፤ እንግዳው ይበተናል፤ ከዚያ ልጆች ቤቱን ማጽዳት ይጀምራሉ። ሳጥኑ ሲከፈት ጥራዙ የላላ፣ ጠርዙን ነፍሳት የበሉት፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም የተጻፈ ወረቀት ይወጣል። ፊደሉ የዐረብ ስለሆነ እናት ተቀብለው ይስሙታል። ዐረብኛ የቀራው ልጅ ደግሞ ይቀበልና ሊያነበው ይሞክራል፤ ፊደሉን ይለያል፤ ቃሉ ግን አልገባ ይለዋል። "ይህ ዐረብኛ አይደለም፤ ዝም ብሎ ጭረት ነው" ብሎ ያስቀምጠዋል። ልጁ አልዋሸም፣ ዐረብኛ አይደለም። በዐረብ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው።

ይህ አጻጻፍ ዐጀሚ ይባላል። ዐጀም ማለት ዐረብ ያልሆነ ማለት ሲሆን፣ ከምዕራብ አፍሪካ ሐውሳ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ስዋሒሊ ድረስ ብዙ ሕዝብ ቋንቋውን በዚህ መንገድ ጽፏል። በአገራችንም ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አማርኛ ተጽፈውበታል። በተለይ በወሎ የነበሩ ዑለማእ ኪታቡን በዐረብኛ እያነበቡ ትርጉሙን ለደረሳው በአማርኛ ያስረዱ ስለነበር፣ አማርኛው ውሎ አድሮ ከአንደበት ወደ ወረቀት መውረዱ አይቀሬ ሆነ። ሲወርድ ደግሞ በአብዛኛው በግጥም ወረደ። መንዙማ የምንለው ይኸው ነው። ቃሉ "ነዘመ" ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ዶቃን በክር እንደ መሰካት ያለ ፍቺ አለው።

ለመሆኑ ልጁ ለምን ማንበብ አቃተው? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። ዐረብኛ ለ"ቸ"፣ ለ"ጨ"፣ ለ"ኘ" የተለየ ፊደል የለውም። አማርኛ ሰባት አናባቢ ድምፆች ሲኖሩት፣ ዐረብኛ ያለው ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ፣ ከነዚሁም የሚረዝሙት ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው መላ መፈለግ ነበረበት። አንዱ በአንድ ፊደል ላይ ነጥብ ይጨምራል፤ ሌላው ቀረብ ያለውን የዐረብ ፊደል ወስዶ አንባቢው ራሱ እንዲለየው ይተወዋል። ሁሉንም የሚገዛ አንድ ደንብ አልነበረም። "ሞት" እና "ሙት" የሚሉትን ሁለት ቃላት እንውሰድ። በፊደላችን ልዩነታቸው ግልጽ ነው። በዐጀሚ ግን ሁለቱም በ"ዋው" ስለሚጻፉ አንድ መልክ ሊይዙ ይችላሉ። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ስንኙን አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቅ ሰው ነው።

እንግዲህ አስቡት! ወረቀቱ ብቻውን ሙሉ አይደለም፤ ግማሹ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ በሽማግሌው ወይም በአሮጊቷ ልብ ውስጥ ነው ያለው። ሽማግሌው ሲሄዱ ወረቀቱ ዲዳ ይሆናል። ወረቀቱ ሲጠፋ ደግሞ የሽማግሌው ትውስታ እየተሸራረፈ፣ ከአንዱ መንዙማ ወደ ሌላው እየተቀላቀለ ይሄዳል። ሁለቱ ገና በአንድ ቤት አብረው ያሉበት ጊዜ አጭር ነው፤ በብዙ ቤት ያም ጊዜ አልፏል።

መንዙማ ምን ይዟል ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ሊኖር ይችላል። በመጀመሪያ ደረጃ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ውዳሴ ነው። ከዚያ ባሻገር ግን ተውሒድ አለ፣ የሶላትና የጾም ትምህርት አለ፣ ስለ ሞትና ስለ ቀብር ማስጠንቀቂያ አለ፣ ዝናብ ሲጠፋ የተለመነበት፣ በሽታ ሲገባ የተለቀሰበት አለ። ማንበብና መጻፍ ያልቻለች የገጠር እናት የዲኗን አርካን የተማረችው ከኪታብ አልነበረም። ድቤ እየተመታ፣ ቡናው እየፈላ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ በወዳጃ ላይ አዝማቹን እየተቀበለች ነው የተማረችው። ቤት የመታ ስንኝ አይረሳም። ከአንድ ረዥም ደርስ ይልቅ አሥር ስንኝ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ስለዚህ መንዙማን የጨዋታ ማድመቂያ ብቻ አድርጎ መመልከት ትልቅ ስሕተት ይመስለናል። በወሎ ገጠር ለትውልዶች እንደ ትምህርት ቤት ሆኖ ያገለገለ ነው።

የነዚህ ሥራዎች ማእከላት በአብዛኛው የታወቁ ናቸው፤ ጀማ ንጉሥ፣ ጫሌ፣ ዳና፣ አና፣ ጌታ፣ ሾንኬ። የጀማ ንጉሡ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ያረፉ ዓሊም ሲሆኑ፣ መውሊድ በወሎ ሥር እንዲሰድ በማድረግ ይታወቃሉ። የሁሉንም ታሪክ እዚህ ልንዘረዝር አንችልም፤ የአንዱን ብቻ እናንሣ።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው፣ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት ክርስትና እንዲነሡ ወይም ሹመታቸውን እንዲለቁ ተወሰነ። ከታላላቆቹ መካከል ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ሰው ሆኑ። ትእዛዙ ወደ ተራው ሕዝብ ሲወርድ ብዙው ተሰደደ፣ ብዙውም ተገደለ። በዚያ ዘመን ተቃውሞውን ከመሩት ዑለማእ አንዱ ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ናቸው። እኚህ ሰው የታገሉት በሰይፍ ብቻ አልነበረም። በአማርኛ፣ በዐጀሚ፣ መንዙማ ጻፉ። ለምን በአማርኛ? ዐረብኛቸው አንሶ አይደለም። ጎጆው የተቃጠለበት ገበሬ፣ ባሏ የተሰደደባት ሴት በሚሰሙት ቋንቋ ለመናገር ነው የሚል ግምት አለን። ሸኽ ጦልሓ እ.ኤ.አ. እስከ 1936 ድረስ ኖረዋል። መንዙማዎቻቸው ዛሬም በአፍ ይዜማሉ፤ ከሚያዜሙት ስንቱ በምን ዘመን እንደተገጠሙ ያውቃል ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው። የአንድ ሕዝብ መከራ በመንግሥት ዜና መዋዕል ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲታለፍ፣ ዝርዝሩ የሚገኘው በእንዲህ ያለው ወረቀት ላይ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ በአንዳንድ ቤት ወረቀቱ የሚጠፋው በመዘንጋት ሳይሆን ሆን ተብሎ ነው። "ቢድዓ አለበት፣ ከአላህ ሌላ የሚለመንበት ስንኝ አለበት" ተብሎ ወደ እሳት የሚገባ አለ። በዚህ ዓምድ ስለ መንዙማ ፈትዋ አንሰጥም፤ ሥራችንም አይደለም። ተወሱልን በተመለከተ ዑለማእ የተለያየ አቋም አላቸው፤ ክርክሩም የእውቀት ክርክር እስከሆነ ድረስ የሚያሳፍር አይደለም። እኛ የምንለው የክርክሩን ማስረጃ አታቃጥሉ ነው። አንድ ስንኝ ተሳስቷል የሚል ሰው፣ ስንኙ ምን እንደሚል በትክክል ማሳየት አለበት። ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ግን "እንዲህ ይል ነበር" የሚል ወሬ ብቻ ነው የሚቀረው።

አንዳንዱ ወጣት የኸሊፋ ዑሥማንን (ረ.ዐ.) ተግባር በማስረጃነት ያመጣል፤ "እሳቸውም አቃጥለዋል" ይላል። እውነት ነው። ግን ምን አስቀድመው ነው ያቃጠሉት? ቁርኣኑ በአንድ ሙስሐፍ ተጠናቅቆ ከተጻፈና ግልባጩ ወደየከተማው ከተላከ በኋላ ነው። አስቀድመው ጠበቁ፣ ከዚያ ሌላውን አስወገዱ። ምንም ሳይገለብጥ የሚያቃጥል ሰው የሳቸውን ፈለግ ተከትሏል ማለት አይቻልም።

ግጥም ራሱ በእስልምና ያልተወደደ ነው የሚለውም ያልተሟላ አባባል ነው። የአሽ-ሹዐራእ ምዕራፍ መጨረሻ ገጣሚዎችን ከወቀሰ በኋላ ያመኑትንና መልካም የሠሩትን ለይቶ ያወጣቸዋል። ሐሳን ቢን ሣቢት (ረ.ዐ.) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ሚንበር ተቀምጦላቸው ግጥም ያሰሙ እንደነበር በሐዲስ ኪታቦች ተዘግቧል። በ13ኛው መቶ ዘመን ግብፃዊው አል-ቡሲሪ የገጠሙት ቡርዳም ከሞሮኮ እስከ ኢንዶኔዥያ ይነበባል። የኛ መንዙማ ከዚሁ የረዘመ ሐረግ የመጣ ነው።

ወደ ቤታችን ኪታብ እንመለስ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በድሮ ጊዜ ወረቀት ውድ ነበር። ስለዚህ በኪታቡ መጀመሪያና መጨረሻ ባለው ባዶ ገጽ፣ አንዳንዴም በኅዳጉ፣ ባለቤቱ የራሱን ጉዳይ ይጽፍ ነበር። የልጅ ልደት፣ የአባት ሞት፣ ያበደረውና የተበደረው፣ ኪታቡን ከማን እንደገዛ። ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ስሙንና በሂጅራ አቆጣጠር የጨረሰበትን ቀን ያሰፈረበትም ብዙ ነው። የአያቱን አባት ስም እንጂ ሌላ የማያውቅ ቤተሰብ፣ ሦስትና አራት ትውልድ ያለፈ ታሪኩን እጁ ላይ ይዞ ሊሆን ይችላል። መታወቂያ ካርድና የልደት ምዝገባ ባልነበረበት ዘመን መዝገቡ ይህ ነበር።

የውጭ ሰዎች ዋጋውን ቀድመው ዐውቀዋል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን የአማርኛ ግጥሞች ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በኋላም የወሎ እስልምናን ታሪክ በጥልቀት ያጠኑት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ (አላህ ይዘንላቸው) መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሉት የዐረብኛና የዐጀሚ ጽሑፎች ዝርዝርም በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በሐረር ደግሞ አንድ የከተማው ተወላጅ በራሱ ጥረት ኪታብ እየሰበሰበና የድሮውን የሐረር የጥራዝ ጥበብ እያስነሣ ሙዚየም አቁሟል፤ ሸሪፍ ሙዚየም ይባላል፣ ሄዶ ማየት ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ በየቤቱ ቆጥ ላይ ያለውን ግን አያዳርስም።

ካሴት በመጣ ጊዜ የነሸኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ መንዙማን ከገጠር ወዳጃ አውጥቶ ወደ ከተማ ሱቅና ታክሲ አስገባው። ዛሬ በስልክ ይሰማል፤ ኦርጋን ተጨምሮበት፣ ስንኙ አጥሮ። (ኦርጋኑ ባይጨመር ይሻል ነበር፤ ይህ የኛ ጆሮ ነው።) ዜማው ተርፏል፤ ረዥሙ ግጥም ግን በወረቀቱ ላይ ነው የቀረው።

አማርኛ ለእስልምና እውቀት መብቃቱ የተጀመረው በመንዙማ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የቁርኣን ትርጉም ያዘጋጁት ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሸኽ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ሥራቸውን ሲጀምሩ፣ ስለ ጀነትና ስለ ጀሀነም፣ ስለ ራሕመትና ስለ ተውበት መናገር የለመደ አማርኛ አስቀድሞ ነበር። ያንን አማርኛ ያለማመዱት በየሐሪማው ያስተማሩና በየወዳጃው የገጠሙ ሰዎች ናቸው፤ የብዙዎቹ ስም አልተመዘገበም።

ታዲያ ኪታብ ያለበት ቤት ምን ያድርግ? በቅድሚያ ሽማግሌው በሕይወት ካሉ ከወረቀቱ በፊት እሳቸውን ያዙ። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ እያነበቡ፣ ወይም በቃል እያሉት፣ ድምፃቸውን በስልክ ቅረጹ፤ ማን እንዳስተማራቸው፣ መንዙማው የማን እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡ፤ ባዶ የሚመስለውንም ገጽ ጭምር። የላላውን ቅጠል በፕላስተር አታጣብቁት፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል። በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ማሰርም እርጥበት ያፍናል፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይሻላል። የወላለቁትን ቅጠሎች ወንድምና እኅት አትከፋፈሏቸው። ውርስ መከፋፈል ካለበት ፎቶውን ተካፈሉ፤ ኪታቡ ከአንዱ ዘንድ ይቀመጥ።

ከፍ ያለ ብር ይዞ በር የሚያንኳኳ ነጋዴ ቢመጣ ደግሞ፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን ንገሩት። ቸግሯችሁ መሸጥ ግድ ከሆነ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ቢያንስ ፎቶው ይነሣ፤ አያታችሁ በመጨረሻው ገጽ ላይ የጻፉትንም ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው አንብቦ ይንገራችሁ።