ሃይድሮጅኑ የት አለ?

እ.ኤ.አ. በ1972 ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ሁለት የጃፓን ተመራማሪዎች ውኃ ውስጥ የተነከረ የቲታኒየም ኦክሳይድ ኤሌክትሮድ ብርሃን ሲያርፍበት ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመክፈል እንደሚረዳ አሳወቁ። ከዚያ ወዲህ ውኃን በብርሃን ለመክፈል ስለሚያገለግሉ ኦክሳይዶች የክብረ ወሰን ዜና ተቋርጦ አያውቅም። ክብረ ወሰኑ የሚለካው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሃይድሮጅን ሳይሆን በኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ተስፋ የተጣለበትን ሄማታይትን እንውሰድ። የዝገት ዘመድ የሆነ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ መርዝ የለውም፣ ዓይናችን የሚያየውንም ብርሃን ይውጣል። በስሌት በካሬ ሴንቲሜትር 12.6 ሚሊአምፒር ያህል ማመንጨት ይችላል። ነገር ግን ብርሃኑ የፈጠረው አዎንታዊ ቻርጅ ጥቂት ናኖሜትር እንደተጓዘ ይጠፋል፤ ብርሃኑን በቅጡ ለመዋጥ ደግሞ መቶ ናኖሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሽፋኑን በናኖ ቅርጽ መሥራት፣ ቲታኒየም ወይም ቆርቆሮ ጣል ማድረግ፣ ላዩን በኮባልት ፎስፌት መቀባት ተገቢ ድካም ነው። የምነቅፈው ድካሙን ሳይሆን የውጤቱን አነጋገር ነው።

የተለመደውን ሙከራ ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር እንኳ የማይሞላ ሽፋን ያለው መስታወት ውኃ ውስጥ ይገባል። ፊት ለፊቱ የዜኖን መብራት ይበራል፤ ፖቴንሽዮስታት የሚባለው መሣሪያ ደግሞ በሽቦ ቮልቴጅ ይመግበዋል። ከዚያ «በ1.23 ቮልት ይህን ያህል ሚሊአምፒር» ተብሎ ይታተማል። ዘርፉ ራሱ ከውጭ የገባውን ኤሌክትሪክ ቀንሶ የፀሐይን ድርሻ የሚያሰላበት ቀመር አለው። በዚያ ቀመር በ1.23 ቮልት ላይ የሚገኘው ትርፍ ዜሮ ነው! አንዳንዱ ሰልፋይት ይጨምርበታል። ሰልፋይት ከውኃ ይልቅ በቀላሉ ኦክሳይድ ስለሚሆን ቁጥሩ ያሻቅባል፤ ከውኃ ኦክስጅን የማውጣቱ ከባድ ሥራ ግን ሳይሠራ ይቀራል።

«ቤተ ሙከራዎችን ለማነጻጸር የጋራ መለኪያ ያስፈልጋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ለማነጻጸሪያ የተበጀ ቁጥር «ነዳጅ አመረትን» ለሚል ርእስ ሲውል ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆናል።

በጃፓን የካዙናሪ ዶመን ቡድን ሌላ መንገድ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው ሥራ የስትሮንሽየም ቲታኔት ዱቄት የተቀባባቸውን ሰሌዳዎች በ100 ካሬ ሜትር ላይ ዘርግቶ ለወራት ደጅ አሠራቸው፤ የውጭ ኤሌክትሪክ አላስገባም፤ ሃይድሮጅኑንም ለይቶ ሰበሰበ። ከፍተኛው ብቃት 0.76 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የተቆጠረው የተያዘ ጋዝ ነው።

የመጽሔት አርታኢዎችና ገምጋሚዎች አራት ነገር ይጠይቁ፦ ያለ ውጭ ኤሌክትሪክ ስንት ጋዝ ወጣ? በምን ያህል ስፋት? ለስንት ሰዓት? በንጹሕ ውኃ ነው ወይስ በምን ታግዞ? ጋዙን ያልለካ ጽሑፍ ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰት እንጂ ስለ ሃይድሮጅን አይናገርም፤ ርእሱም እንደዚያው ይታረም።