ሃይማኖት የግል ነው፤ ጢሱ ግን የጋራ ነው

በ2017 ዓ.ም. በየካቲት ወር ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። በዚያን ጊዜ በተማሪው ዘንድ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አየን። አንዱ ጓደኛችን ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ሌላው መግሪብ እስኪደርስ እየጠበቁ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፋቸውን ዘርግተው የሆዳቸውን ጩኸት በጥናት ያስታግሡ ነበር። አንዱ ለሌላው ድርሻውን ያስቀምጥለታል፤ ያኛውም ውለታውን አይረሳም። «ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለው የቆየ አባባል እውነት መሆኑን በዓይናችን አየን። ነገር ግን ከምንበላበት አዳራሽ በስተጀርባ ዞር ብለን ብንመለከት፣ የሁለቱንም ጾመኞች እንጀራ የሚጋግሩት እናቶች በአንድ ጢስ ውስጥ ቆመው ዓይናቸውን እያሹ ያስሉ ነበር። የጸሎቱ ቤት ልዩ ልዩ ነው፤ የማገዶው ክምር ግን አንድ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው ነው።

እኛ ይህን የጻፍነው ተማሪዎች በሃይማኖት አንድ አይደለንም። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል። የአገራችን የሃይማኖት ተቋማት ስለ ሰላም አብረው መግለጫ ማውጣትን ለምደዋል፤ ይህም መልካም ነው። ስለ ደኑ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማገዶውና ስለ ኤሌክትሪኩ ግን ከመግለጫ ያለፈ የጋራ ሥራ ሊጀምሩ ይገባል። ሥራውም ከሌላ ቦታ ሳይሆን ከየራሳቸው ማድቤት ሊጀመር ይገባል እንላለን።

አስቀድመን ስለ ፍትሑ እንናገር። አፍሪካ በጠቅላላዋ የዓለምን አየር ከሚያሞቀው የካርቦን ጢስ የምታወጣው ከመቶ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ድርሻ ለብቻው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ቆላ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ሲከሽፉ ከብቱ ያለቀበት የቦረና አርብቶ አደር ነው። ነገሩን የመረመሩ የሳይንስ ሊቃውንት እንዳስታወቁት፣ በሰው ሥራ የመጣው ሙቀት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰቱ ዕድል ቢያንስ አንድ መቶ ጊዜ ያነሰ ይሆን ነበር። እንግዲህ ነዳጁን ያነደደው ሌላ፣ የተቃጠለው ሌላ ነው ማለት ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሻርም ኤል ሼክ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ለጉዳትና ለኪሣራ መካሻ የሚሆን ፈንድ ለማቋቋም ተስማሙ። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ለዚሁ ፈንድ ቃል የተገባው ገንዘብ ግን አንድ ቢሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም።

በዚህ ላይ የሃይማኖት ሰዎች ከማንም ይልቅ ሊናገሩ የሚገባቸው ቃል አለ። ምጽዋትና ዕዳ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ካህኑም ሼኹም ፓስተሩም ያውቃሉ። ምጽዋት ሰጪው በፈቀደ ጊዜ የሚሰጠው ነው፤ ዕዳ ግን ቢፈቅድም ባይፈቅድም የሚከፍለው ነው። ባለጠጎቹ አገሮች የሚሰጡን ምጽዋት እየተባለ ሊመሰገኑበት አይገባም፤ የሚከፍሉት ዕዳ ነውና። ይህን የሚያስተምር ድምፅ ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም በአንድ ቋንቋ ቢወጣ፣ የአንድ ሚኒስትር ንግግር የማይደርስበት ልብ ዘንድ ይደርሳል።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በሰኔ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ስለ ምድር ጥበቃ ባወጡት መልእክት፣ በሰሜኑ ዓለምና በደቡቡ ዓለም መካከል የተፈጥሮ ዕዳ እንዳለ ገልጸዋል። በዚያው ዓመት በነሐሴ በኢስታንቡል የተሰበሰቡ የእስልምና ሊቃውንት፣ ባለጠጎቹና ነዳጅ አምራቾቹ አገሮች እስከዚህ ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጢሳቸውን ጨርሰው እንዲያቆሙ ጠይቀዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመሥራች አባላቱ አንዷ የሆነችበት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤትም ገንዘቡን በነዳጅ ኩባንያዎች ላይ ላለማዋል በ2006 ዓ.ም. ወስኗል። ከቃል አልፈው በሥራ ያሳዩም አሉ። በማራካሽ ከተማ ዕድሜ ጠገቡ የኩቱቢያ መስጊድ፣ በቫቲካን ደግሞ ጳጳሱ ሕዝብ የሚቀበሉበት ትልቅ አዳራሽ፣ ጣራቸው ላይ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ ተክለዋል። ታዲያ የእኛዎቹ ምን ይጠብቃሉ?

የእኛዎቹ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በደቡብ ጎንደር የተጓዘ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እርሻው ዛፍ አልባ ሆኖ ሲራቆት ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። የደን ሊቅ የሆኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች አጥንተው፣ ከብት እንዳይገባባቸው ካህናቱና ምእመናኑ በድንጋይ ካብ እንዲያጥሯቸው ረድተዋል። በወሎ በየመሻይኹ መቃብር ዙሪያ ምሳር የማይደፍራቸው ያረጁ ዛፎች አሉ። በኦሮሞ ባህል የኦዳ ዛፍ ሽማግሌ የሚሰበሰብበትና ሕግ የሚወጣበት ነው። ዛፍን በመፍራትና በማክበር ረገድ እንግዲህ ሃይማኖቶቻችን ሁሉ ቀድሞም ተስማምተው ኖረዋል።

ነገር ግን እውነቱን እንናገር። በቅጥሩ ውስጥ ያለው ዛፍ እየተጠበቀ፣ ለንግሡ፣ ለተዝካሩ፣ ለመውሊዱ፣ ለጉባኤው የሚነደው ማገዶ ከቅጥሩ ውጭ ይቆረጣል። ደኑን «የእግዚአብሔር ነው» ብለን ካከበርን፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ኮረብታ የማን ሊሆን ነው? በአገራችን ከአሥር ቤት ዘጠኙ ያህል የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየቤቱ በሚገባ የማብሰያ ጢስ ሳቢያ በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በዓለም ላይ ይሞታል። ከእነዚህ መካከል ጥቂት የማይባሉት ልጅ ያዘሉ እናቶችና የታዘሉት ልጆች ናቸው። ድሃዋን እናት በዚህ አንወቅሳትም፤ ሌላ የምታነደው የላትም። የምንጠይቀው ብዙ ሕዝብ የሚያበሉትን፣ ሀብትና ተሰሚነት ያላቸውን ተቋማት ነው።

ኃይሉስ አለ ወይ? አለ፤ አልተዳረሰም እንጂ። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ዳሩ ግን ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም፤ ያገኘውም ቢሆን ማብራቱን እንጂ መጋገሩን በሰፊው አልጀመረበትም። ስለዚህ መስመር በደረሰበት ከተማ የየደብሩ፣ የየመስጊዱና የየጸሎት ቤቱ ማድቤት ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ይዛወር። መስመር ባልደረሰበት ገጠር ላም ያለው ገዳም በባዮጋዝ ያብስል፤ መድረሳውና የቆሎ ተማሪው ማደሪያ በፀሐይ ኃይል ይብራ። ይህም ካልተቻለ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ የማገዶውን ግማሽ ያህል ሊቆጥብ የሚችለው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ይተከል። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል ለሚለን፣ ምድጃውን ለክፉ ቀን ያቆየው እንላለን፤ መብራት ይጠፋል ብሎ ዓመቱን ሙሉ በጢስ መኖር ግን ብልኅነት አይደለም።

ከመካከላችን «ቄስና ሼኽ ስለ ኤሌክትሪክ ምን ያውቃሉ? ይህ የመሐንዲስ ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። እኛም እንደ ተማሪነታችን ይህን ማለት ያምረናል። ነገር ግን የትኛው መሐንዲስ ነው በየሳምንቱ ዓርብና እሑድ ሚሊዮኖችን ሰብስቦ የሚናገር? ምጣዱን መሐንዲሱ ይሠራል፤ «ለተዝካርሽ እንጨት አታስቆርጪ» ብሎ የሚያሳምናት ግን የነፍስ አባቷ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ማገዶው ከቀረ ምን ይበላሉ? ይህን ሳይመልስ ስለ ፍትሕ የሚሰብክ ሰው ቢያፍር ይሻለዋል። የእኛ መልስ ይህ ነው። ተቋማቱ በየግቢያቸው የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ሲያቋቁሙ፣ በመጀመሪያ የሚቀጠሩት እነዚሁ ሸክሙ ወገባቸውን ያጎበጣቸው ሴቶች ይሁኑ። ንጹሕ ኃይል ድሃውን ከሥራ የሚያስወጣ ከሆነ ጢሱ ጠፋ እንጂ ግፉ አልጠፋም።

ለምን አብረው ይሥሩት ለሚለን ደግሞ መልሱ ቀላል ነው። ትራንስፎርመር ሃይማኖት አይጠይቅም። በአንድ ቀበሌ ያሉት ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሚበሩት ከአንድ መስመር ነው፤ ውሃውም የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው። በወሎ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሙስሊሙ፣ መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ ድንጋይ ማቀበሉ የታወቀ ነው። ድንጋይ የተቀባበሉ እጆች አንድ የፀሐይ ወፍጮ አብረው ለመትከል አያንሱም። ሁሉም ለየብቻው ቢያመለክት የየቢሮው ደጅ ጠኚ ይሆናል። አብረው ሲሄዱ ግን የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ የሚመልሳቸውም የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ለሌሎች ይህን ያህል ከመከርን፣ ለራሳችንስ ምን እንላለን? ግቢ ጉባኤው፣ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓና የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረት አንድ ሚዛንና አንድ ደብተር ይያዙ። ለሰባት ቀን በዩኒቨርስቲያችን ማድቤት የሚነደውን ማገዶ በየተራ ይመዝኑ፤ ለአንድ ተማሪ እንጀራ ስንት ኪሎ እንጨት እንደሚነድ ያስሉ። ውጤቱን ይህች መጽሔት ታትመዋለች፤ ለአስተዳደሩም በሦስቱ ፊርማ ይቀርባል። በክረምት ወደየአገራችን ስንመለስም ያንኑ ደብተር ይዘን የደብራችንን አለቃና የመስጊዳችንን ኢማም እንጠይቅ።

ጊዜውም ሩቅ አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2027 የተባበሩት መንግሥታት 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲደረግ ተወስኗል። የባለጠጎቹ አገሮች መልእክተኞች እዚሁ ይመጣሉ። በዚያን ዕለት አባቶቻችን ጎን ለጎን ቆመው «ዕዳችሁን ክፈሉ» ሲሏቸው መስማት እንፈልጋለን። የሚናገሩትም ጢሱ በጠፋለት ማድቤት ፊት ለፊት ቆመው ቢሆን እንወዳለን፤ የገዛ ቤቱን የጠረገ ሰው ጎረቤቱን ቢጠይቅ ያምርበታልና። ሚዛኑን ከየት እናምጣ የሚል ወንድም ወይም እህት ቢኖር፣ እኛ ተውሰን እናመጣለን፤ እናንተ ተራችሁን ለመያዝ ስማችሁን አስመዝግቡ።