የካርቶን ታንክ ምን ያስተምራል?

ታንክ በካርቶን መሥራት የሕፃን ጨዋታ ነው የሚሉኝ የክፍል ጓደኞች አሉኝ። አያቴ ደግሞ ከጨዋታም የባሰ ነገር ነው ትላለች። ለሁለቱም ወገን መልስ እንዲሆን አሳቤን እጽፋለሁ።

በውጭ አገር ይህ ሥራ ብዙ ወዳጆች አሉት። ክፍሎቹ በፕላስቲክ ተቀርጸው በሳጥን ይሸጣሉ፤ ገዢው እያጣበቀና እየቀባ እውነተኛውን የመሰለ ታንክ ይሠራል። ብዙዎቹ ልካቸው የእውነተኛው 1/35ኛ ነው። ይህም ልክ የመጣው ታሚያ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1954 ዓ.ም. ግድም የጀርመኑን ፓንተር ሲሠራ፣ ሞተሩና ባትሪዎቹ በሆዱ እንዲገቡ ብሎ ነው ይባላል። እኔ እንዲህ ያለ ሳጥን በሐረር ገበያ ስላላገኘሁ ካርቶን ከሱቅ ለምኜ፣ ስፒል ከመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች ተቀብዬ፣ ሰንሰለቱን ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ጀመርሁ።

የመረጥሁት ፓንተርን አይደለም። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ያመጣችውን ሲቪ 33 የተባለውን ትንሽ ታንክ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ17፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲም ነው፤ ለ35 ሲካፈል 9 ሳንቲም በ4 ይሆናል። (ወርዱን ይዤ የጀጎልን መተላለፊያዎች ለክቻለሁ። በአንዳንዶቹ ያልፋል፤ በእርቅ መንገድ ግን ፈጽሞ አያልፍም።)

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሐረር ያደጉት የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ፣ በደምበጊና በር የኢጣልያን ታንኮች ድል አድርጓል። እንዴት ተብለን ስንጠየቅ «በጀግንነት» ብለን እንመልሳለን፤ ነጥብም ይሰጠናል። እኔም እንዲሁ መልሼ ነጥቤን ተቀብያለሁ። ታንኩን ስሠራ ግን አናቱ ላይ የሚዞር የመሣሪያ ቤት እንደሌለው አየሁ። መትረየሶቹ ከፊት ተተክለዋል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞሩት በጥቂቱ ነው። ውስጥ ያሉት 2 ሰዎች በጠባብ ቀዳዳ ያያሉ። እንግዲህ ከጎንና ከኋላ የሚመጣባቸውን ሰው በእነዚያ መትረየሶች ሊመቱት አይችሉም። ይህን እኔ በጠረጴዛ ላይ፣ ሻይ እየጠጣሁ ተረዳሁት፤ እነዚያ ሰዎች ጥይት እየዘነበባቸው አስተዋሉት። «ጀግኖች ነበሩ» ብቻ ብሎ ማለፍ ብልሃታቸውን መንፈግ ይመስለኛል። ስለዚህ መምህራኖቻችን ከታሪክ ክፍለ ጊዜ ጥቂቱን ለእጅ ሥራ ቢለቁልን የሚባክን ጊዜ አይሆንም እላለሁ።

የአያቴ ነገር ግን ከበደኝ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወደ ሐረር ሲቃረብ ልጅ ነበረች። ባለፈው ዓመት ወደ ጅጅጋ ስንጓዝ ከመንገድ ዳር የዛገ ታንክ አይተን ነበር፤ እኔ ዓይነቱን ለመለየት ጎማዎቹን ስቆጥር እርሷ ፊቷን አዞረች። የእኔን ታንክ ከሲኒዎቿ አጠገብ ባስቀምጠው ጊዜ አንሥታ ደጅ አወጣችው።

«ውስጡ ሰው እንደ ነበረ ታውቃለህ ልጄ?» አለችኝ።

እውነት ለመናገር የስፒሎቹን ራስ ስቆጥር ስለ ሰዎቹ አላሰብሁም ነበር። በዚህ እርሷ ልክ ናት፤ ታንክ አትሥራ በማለቷ ግን አልስማማም። አሁን የግራ ጎኑን በምላጭ ከፍቼ ሁለቱን መቀመጫዎች እየሠራሁ ነው። ጎን ለጎን ናቸው፤ ትከሻ ለትከሻ የሚያነካኩ። ሰዎቹን ከሰም እቀርጻለሁ። ሲያልቅ ከሲኒዎቹ አጠገብ ይቀመጥ እንደሆነ እርሷ ትወስን።