ገና በታኅሣሥ 16? አንድ ግቢ፣ ሁለት ትምህርት ቤት

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። የምትማረው በምሥራቅ አዲስ አበባ ካሉት ደብሮች አንዱ በግቢው ውስጥ ባሠራው ትምህርት ቤት ነው። የደብሩንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ደብር ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ለአለቃው ነግሬ ዝም እል ነበር። ከቦሌ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ኮተቤ ልጅ የምታስተምሩ ወላጆች ግን የምለውን ታውቁታላችሁ።

ታኅሣሥ 16 ቀን ልጅቷ ቀይ ካናቴራ ለብሳ መጣች። ካናቴራው፣ ኬኩና ፎቶው ተደምሮ 800 ብር ተከፍሎበታል። አንድ መምህር የጥጥ ጢም ለጥፎ፣ ቀይ ኮፍያ አድርጎ፣ "የገና አባት" ሆኖ ከረሜላ ሲበትን ውሏል። ኬክ ተቆርሷል። ልጅቷ ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ ከአያቷ ጋር እየጾመች ነው። "ጾም ነኝ" ብትል መምህርቷ "ዛሬ እኮ ገና ነው፣ ብይ" አለቻት። አልበላችም፤ ድርሻዋን በሶፍት ጠቅልላ በቦርሳዋ ይዛው ገባች። ማታ እናቴ አጠገብ ቁጭ ብላ ጠየቀቻት፦

"እማማ፣ ጌታ ሁለት ጊዜ ነው እንዴ የተወለደው?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

እስቲ ቀኑን እንቁጠረው። ፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 የሚሉት ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ የሚፈታው በገና ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ 16 ከነጾሙ መካከል የሚውል ቀን ነው። ቅዱስ ሲኖዶስ ያወጀው፣ ቄሱ በዐውደ ምሕረት የሚያስተምረው፣ ዲያቆኑ የሚጾመው ጾም። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ስም በተከፈተ ትምህርት ቤት፣ በዚያው ጾም፣ ለልጆች የቅቤ ኬክ ይቆረሳል፤ በዓሉም "ገና" ይባላል። አገሬው ገናን የሚያከብረው ታኅሣሥ 29 ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም። ታዲያ የታኅሣሥ 16ቱ ድግስ የማን ነው?

በክፉ አትዩኝ። የቦሌ መንገድ ሆቴሎች ዛፍ ቢያቆሙ፣ ሞሎቹ መብራት ቢሰቅሉ ጥል የለኝም። እነሱ ንግድ ላይ ናቸው፤ ደንበኛቸውም ከየአገሩ የመጣ ነው። የውጭ ዜጎች ልጆች የሚማሩበት ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤትም በራሱ ቀን ቢያከብር ልክ ነው። የኔ ጥያቄ በሩ ላይ የታቦት ስም ለጻፈው፣ በደብተሩ ሽፋን ላይ መስቀል ላተመው፣ ወላጅን "ልጅዎን በሥነ ምግባር አንጸን እናሳድጋለን" ብሎ ለሚያስመዘግበው ትምህርት ቤት ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ፤ ምክንያቱም ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በእርግጥም ስለ ሁለት ልደት ታስተምራለች። አንዱ ከዓለም በፊት፣ ያለ እናት፣ ከአብ የተወለደው ነው። ሁለተኛው በኋላ ዘመን፣ ያለ አባት፣ ከድንግል ማርያም የተወለደው ነው። ሊቃውንቱ ስንት ዘመን የተከራከሩበት፣ ስንት ጉባኤ የተቀመጡበት ምሥጢር ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳታውቀው በሩን አንኳኳች። የሚከፍትላት ግን አልነበረም።

የሚያስቆጨው ደግሞ ይሄ ነው፦ መልሱን የሚያውቀው ሰው ከክፍሏ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። በዚያው ግቢ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር የኔታ ተቀምጠዋል። ዙሪያቸውን ሃያ የሚሆኑ ልጆች አሉ። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል፣ ከገጠር የመጡት ትልልቆቹ ዜማ ያጠናሉ። ጠዋት አኮፋዳቸውን አንግተው በየኮንዶሚኒየሙና በየቪላው በር "በእንተ ስማ ለማርያም" ብለው የለመኑትን ይዘው ይመለሳሉ። የቆሎ ተማሪ የምንላቸው እነሱ ናቸው። አንድ ግቢ፣ አንድ ታቦት፣ ሁለት ትምህርት ቤት። ባለ ዩኒፎርሙ ልጅ የዚያኛውን ስም አያውቅም፤ ባለ አኮፋዳውም ኳስ ሜዳውን ረግጦ አያውቅም።

"የኔታ ለዘመናዊ ተማሪ ምን ያስተምራሉ?" የሚለኝ አይጠፋም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2016 ዓ.ም. ገና የዋለው ታኅሣሥ 28 ነበር። ለምን 28? ሬዲዮኑ ተናገረ፣ እኛም አከበርን፤ ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ባሕረ ሐሳብ የተማረ ልጅ ግን በጣቱ ቆጥሮ ይነግራችኋል። ጌታ የተጸነሰው መጋቢት 29 ነው። ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ሲቆጠር ታኅሣሥ 29 ይደርሳል። በአራት ዓመት አንዴ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን አንድ ቀን ስለሚጨመር ያው 275 ቀን ታኅሣሥ 28 ላይ ይሞላል። ለዚህ ነው በዘመነ ዮሐንስ ገና በ28 የሚውለው። እንግዲህ ይህ ሒሳብ አይደለም? ይህ የሦስተኛ ክፍል መደመር አይደለም? ሙስሊም ልጅስ ቢማረው ምን ይጎዳል? የአገሩ ዘመን አቆጣጠር አይደለም እንዴ!

ሌላው ገና ጨዋታው ነው። የልጆች ሜዳ አለን፤ ሩርና የተቆለመመ ዱላ ግን የለንም። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባላል። በዚያች ቀን ባላባቱም ገበሬውም በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ ቢመታም አይቀየምም። የልደቱን ትርጉም ያለ ስብከት የሚያስተምር ጨዋታ ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል? እኛ ግን ይህን ትተን የጥጥ ጢም ገዛን።

ለዚህ ሁሉ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ሦስት መልስ አላቸው። ሦስቱንም ሰምቻቸዋለሁ።

አንደኛው "ሕጉ አይፈቅድልንም" የሚለው ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መሰጠት አለበት ይላል፤ ልክ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። መደበኛው ክፍል ስብከት ቤት እንዲሆን አልፈልግም፤ የእስልምና ተከታይ ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ መዝሙር እንዲዘምር አልጠይቅም። ግን ይኸው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም ይችላሉ ብሏል። የኔታ ያሉበት ጥግ እሱ ነው። እሱን መደገፍ ማን ከለከለ? ደግሞስ ሕጉ እንዲህ ካሳሰባችሁ የገና አባትን በየትኛው አንቀጽ አስገባችሁት? የልደት በዓል ያለ ልደቱ ሲከበር "ባህል"፣ ከነትርጉሙ ሲከበር "ሃይማኖት" የሚሆነው በማን ሚዛን ነው?

ሁለተኛው "ወላጅ ነው የሚፈልገው" የሚለው ነው። ወላጅ ምን እንደሚፈልግ እኔም ወላጆች መካከል ስለምኖር አውቃለሁ። ጎረቤት ያለው ትምህርት ቤት ያደረገውን ይፈልጋል፤ ልጁ ከጓደኞቹ እንዳያንስበት ይፈራል። 800 ብሩንም እያጉረመረመ ይከፍላል። ትምህርት ቤት ግን ወላጅ የሚፈልገውን ሁሉ የሚሸጥ ሱቅ ከሆነ በሩ ላይ ያለውን የታቦት ስም ያውርደው።

ሦስተኛው "የአብነቱን ትምህርት ቤት በምን እናኑረው?" የሚለው ነው። ይህ መልስ አንድ ጊዜ እውነት ነበር። የአብነት ትምህርት የሚኖረው በቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ያ መተዳደሪያ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ መምህሩም ተማሪውም የቀረለት የምእመኑ ምጽዋት ነው። ያንን ዘመን ሰበብ ማድረግ ይቻል ነበር። ዛሬ ግን በምሥራቅ አዲስ አበባ ያለ ደብር በአጥሩ ዙሪያ ሱቅ ያከራያል፣ አዳራሽ ያከራያል፣ በግቢው ትምህርት ቤት ከፍቶ በየወሩ ክፍያ ይሰበስባል። መሬቱ በሌላ መልክ ተመልሷል ማለት ነው። ያልተመለሰው ለየኔታ የሚቆረጠው ድርሻ ነው።

እነዚህ ልጆች እነማን እንደሆኑም አንርሳ። ዮፍታሔ ንጉሤ የቅኔ ቤት ልጅ ነው። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን የጻፉት ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች አልፈው ነው ወደ ዘመናዊው የመጡት። ዛሬ በቦሌ በር ላይ ቁራሽ የሚለምነው ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ያ ልጅ እንግሊዝኛና ሒሳብ ቢጨመርለት፣ ባለ ዩኒፎርሙም ልጅ ግእዝና ባሕረ ሐሳብ ቢጨመርለት ሁለቱም ይተርፉ ነበር። አሁን ሁለቱም ጎድሎባቸዋል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም።

አንድ፣ በቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት በጾመ ነቢያት ኬክ መቁረሱን ይተው። ልጆቹ ይደሰቱ፣ ይጫወቱ፣ ስጦታም ይሰጣጡ፤ ግን በገና ሰሞን፣ በገና ስም፣ በገና ጨዋታ። ፈቃደኛ ላልሆነ ወላጅም ያለ ቅሬታ ይተውለት።

ሁለት፣ ለካናቴራና ለፎቶ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለአንድ ዓመት እንኳ ለአብነት ተማሪዎች ምሳ ይዋል፤ ስንት ተሰብስቦ ስንት እንደወጣም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ሰበካ ጉባኤውም ይጠይቅ፤ የተመረጠው ለዚህ ነው።

ሦስት፣ በየክፍሉ ሁለት ወንበር ለአብነት ልጆች በነፃ ይሰጥ። ሁለት ወንበር ትምህርት ቤት አያከስርም።

በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅባት አንዲት ትንሽ ቤት አለች። ስሟ ቤተልሔም ነው። የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ጌታ የተወለደባት ከተማ ስም በየግቢያችን አለ። ከእሷ ጥቂት እርምጃ ርቆ የቆሎ ተማሪው ጦሙን ያድራል፤ ባለ ዩኒፎርሙ ልጅ ደግሞ ጾም ሳይፈታ ኬክ ይቀርብለታል። ገናን አስተምረናል የምንለው በዚህ ነው?

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት የእህቴን ልጅ ይዣት እሄዳለሁ። ከአጥሩ ወዲያ፣ የኔታ ዘንድ። ጥያቄዋን ራሷ ትጠይቃቸው። ምን እንዳሏት እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።

እናንተም የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ምን እንዳደረገ ጻፉልኝ፤ በደንብ የሠራ ካለም ንገሩኝ፤ እሱንም ሳልሰስት አወጣዋለሁ።

ለምትጾሙ በሰላም ያስፈታችሁ፤ ለሁላችሁም መልካም በዓል።