ፈላሻ ያልናቸው ሳይሄዱ ነው

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። «የአና ማስታወሻ»ን ያላነበበ አለ? እኛስ አንብበናል። ሽፋኑ የተገነጠለውን ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ እያዞርን፣ አንዳንዶቻችን እንዲያውም ሁለት ጊዜ። አምስተርዳም ውስጥ ከናዚ ተደብቃ ማስታወሻ ለጻፈችው አይሁዳዊት ልጅ አልቅሰናል። «ሰው እንዴት አብሮት የኖረውን ሰው በዘሩ ይጠላል?» ብለን አውሮፓን ወቅሰናል። ደግ አደረግን። አና ፍራንክ ሊለቀስላት ይገባል።

ግን ከመካከላችን መካነ ሰላም ያደግነው ሌላም ነገር እናስታውሳለን። በገበያ ቀን ጀበናና ምጣድ የምትሸጠው ሴት የምትቀመጠው ዳር ላይ ነበር። እናቶቻችን ጀበናውን አንኳኩተው፣ ዋጋ ተከራክረው ይገዛሉ። እኛን ግን በነጠላቸው ይሸፍኑናል። «ዓይኗ እንዳያርፍባችሁ!» ማታ ሆዳችንን ከቆረጠን ጥፋተኛዋ ታውቃለች። ሌሊት ጅብ ሆና ታድራለች የሚለውንም ከጨዋታ ጋር አብረን ተማርነው። ሴትየዋ ክርስቲያን ነበረች፤ እኛ የምንሳለመውን ደጅ ነው የምትሳለመው። ጥፋቷ እጇ ነው። ጭቃ ያቦካል።

የቤተ እስራኤል ስደት ሲተረክ የምንናደደው ይህን ስለምናስታውስ ነው። ትረካው ሁሌ አንድ ነው፦ ኢየሩሳሌምን ሲናፍቁ ኖሩ፣ አውሮፕላን መጣ፣ ሄዱ። በቃ! እኛ የት ነበርን? ትረካው ውስጥ የለንም። ካለንም እጃችንን እያውለበለብን የሸኘን ደግ ጎረቤቶች ሆነን ነው።

ናፍቆቱ እውነት ነው። በየዓመቱ በስግድ በዓል ተራራ ወጥተው ወደ ኢየሩሳሌም ሲጸልዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ ማሕሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝብ አስከትለው በእግር ወደ ቀይ ባሕር አቅንተው ነበር፤ ብዙው ሰው በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ አለቀ። ነገር ግን ሰው የሚሄድበትን መናፈቁ የሚሸሸውን ነገር ውሸት አያደርገውም።

የሚሸሹት ምን ነበር? ርስት አልነበራቸውም። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከዐፄ ይስሐቅ ጊዜ ጀምሮ፣ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት አይወርስም መባሉ ይነገራል። ርስት የሌለው ምን ይሠራል? የሰው መሬት በጭሰኝነት ያርሳል። ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ሸማ ይሸምናል። ከዚያ ደግሞ በሠራበት እጁ «ቡዳ» ይባላል። ማረሻውን ከእሱ ገዛን፤ ማረሻው የሚያርሰውን መሬት ግን ከለከልነው። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ መሬት ሲያደርሳቸው ደግሞ የቀድሞ ባለርስቶች ጥርስ ነከሱባቸው።

ስሙንማ ተመልከቱት። «ፈላሻ» የመጣው «ፈለሰ» ከሚለው ቃል ነው። እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ እየሞቱ፣ ገና አንድ እግራቸውን ሳያነሱ «ፈላሻ» አልናቸው። ሰውን በገዛ አገሩ ለዘመናት «ስደተኛ» ብለህ ከጠራኸው በኋላ አንድ ቀን ቢሰደድ ምን ይገርማል?

ሲሰደዱም በአውሮፕላን ብቻ አልነበረም። ከጎንደርና ከትግራይ እስከ ሱዳን ሌሊት ሌሊት በእግር፣ ልጅ አዝለው፣ ሽማግሌ ደግፈው ነበር። በ«ዘመቻ ሙሴ» ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ሳምንታት ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከሱዳን እስራኤል ገቡ። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ያለቁት 4 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ግንቦት 16 እና 17፣ 1983 ዓ.ም. ደግሞ፣ ለመንግሥት 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ፣ በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወጡ።

አሁን «ኧረ እነሱም እዚያ ተንቀዋል!» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በድብቅ ሲደፋ እንደነበረ ታውቆ ኢየሩሳሌም በሰልፍ ተናውጣለች። በ2019 አንድ ወጣት በፖሊስ ጥይት ተገድሎ መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል። ታዲያ የቴል አቪቭ ኃጢአት የእኛን ያጥባል?

«እኛ እኮ ጋዝ ክፍል አላስገባናቸውም» የሚልም አለ። ወዳጃችን ሆይ፣ ለመልካም ጉርብትና መለኪያው ሂትለር ከሆነ ሁላችንም ጻድቅ ነን።

የወሎ ልጅ ደግሞ ይህ ነገር ከማንም ቀድሞ ሊገባው ይገባ ነበር። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም «ተጠመቅ» ሲሉት የተሰደደው ተሰደደ፤ የቀረው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። «ወይ እምነትህን ወይ አገርህን» መባልን ቅድመ አያቶቻችን ያውቁታል። ያንን ታሪክ በሐዘን እየተረክን የሸክላ ሠሪዋን ዓይን መፍራታችን ግን አልቆመም።

ልቦለዱንስ ማን ይጻፈው? ፈረንጆቹ ጀምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የራዱ ሚሃይሊያኑ ፊልም አይሁዳዊ ነኝ ብሎ እስራኤል የገባ ኢትዮጵያዊ ልጅን ይተርካል። በ2019 የወጣው «ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ደግሞ የሱዳን ባሕር ዳርቻ ላይ ሆቴል የከፈቱ የሞሳድ ሰዎች ታሪክ ነው፤ የእኛ ሰዎች የጀግኖቹ ሻንጣ ሆነው ያልፋሉ። ኢትዮጵያ ተወልዳ እስራኤል ያደገችው ዓለምወርቅ ዳዊድያን በ2018 «የበለስ ዛፍ»ን ሠርታለች፤ በርቺ ብለናል። እኛ የምንለምነው ግን የቀሩትን፣ የእኛን ብዕር ነው። ከነገሥታቱና ከራሶቹ ልቦለድ ትንሽ አረፍ በሉና የአንድ ቀጥቃጭ ቤተሰብ ጻፉልን። ጎጆው፣ ወናፉ፣ ሌሊት በሹክሹክታ የሚሸጠው በሬ፣ ለጎረቤት የማይነገረው ስንብት። ለጎረቤት ለምን እንዳልተነገረም ጭምር።

ጎንደር አጠገብ ወለቃ መንደር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? የዳዊት ኮከብ ያለበት ሸክላ ለቱሪስት ይሸጣል። ሰዎቹ ሄደዋል፣ ሸክላው ቀርቷል። ያኔም የምንፈልገው ሸክላውን ነበር። አዲስ አበቤውም ዘና አይበል፤ ቀጨኔ የሚሠራውን ጀበና እየወደደ ቀጨኔዎቹን በምን ስም ሲጠራ እንደኖረ ያውቀዋል።

ስለዚህ ደራሲ ሆይ፣ ስትጽፍ እኛንም አስገባን። መልካም ጉዞ ተመኝተን እንደሸኘን አድርገህ አይደለም። ጀበናውን አንኳኩተን ገዝተን፣ ልጃችንን በነጠላ ሸፍነን ስንመለስ አስገባን። ሴትየዋ ዛሬም ገበያው ዳር ተቀምጣለች።