ሶፍና ሰልፍ

ጁሙዓ ወደ መስጂድ ስንሄድ በራፉ ላይ የሚጠብቀን ቆመጥ የያዘና ክላሽ ያነገተ ሰው የሆነበት ጊዜ ነበር። ገና ሳንጠየቅ እጃችንን ከፍ እናደርግ ነበር፤ እህቶቻችን ቦርሳቸውን ይከፍቱ ነበር። ማንም አላስተማረንም፤ ሰውነታችን ለመደው። የጠመንጃ አገዛዝ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ወታደሩ ወደ ካምፑ ከተመለሰ በኋላም በትከሻችን፣ በአንገታችንና በምላሳችን ላይ ይቀራል።

ይህ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ ሁሉ ግዴታ ተጣለበት። ወጣት የማቅረቡ ሥራ ለቀበሌና ለገበሬ ማኅበር ተሰጠ፤ አፈሳ መጣ። እናት ልጇን ጎተራ ውስጥ ደበቀች፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠረጠረ። የልጅ ቁመት መርዘም ደስታ መሆኑ ቀርቶ ስጋት ሆነ። ደርግ በ1983 ወደቀ፤ አንገት ደፍቶ መሄድ ግን አብሮት አልወደቀም።

ከጥር 2004 ጀምሮ ያነሳናቸው ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ፦ አወሊያ ሕዝብ በመረጠው ቦርድ ይተዳደር፤ የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዶቻችን ይካሄድ፤ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ አይጫንብን። ሦስቱም በውይይት የሚመለሱ ነበሩ። የተሰጠን መልስ ግን ዱላና እስር ሆነ። በሐምሌ 2004 የመረጥናቸው ኮሚቴዎች ታሰሩ። በ2005 የዒድ አል-ፊጥር ዕለት፣ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው በወጡበት ማለዳ፣ በአዲስ አበባ ሕዝበ ሙስሊሙ ተደበደበ።

እኛ የመድረሳ ኡስታዞች ውጤቱን በልጆቹ ላይ እናየዋለን። በእረፍት ሰዓት ፖሊስና ታሳሪ ይጫወታሉ። ሁሉም ፖሊሱን መሆን ይፈልጋል፤ ታሳሪ የሆነው ደግሞ ሳይታዘዝ እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል።

እኛስ ንጹሕ ነን? ልጁ ሂፍዙን ሲስት «እጅህን ዘርጋ» ብለን አለንጋ የምናነሳ እኛው ነን። ነገ በፍተሻ ፊት የሚነሳው እጅ መጀመሪያ የተለማመደው እኛ ዘንድ ነው። አነስ (ረ.ዐ) ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድ ቀን እንኳን በብስጭት «ኡፍ» አልተባሉም። በደልን የምንቃወም ከሆነ ከገዛ ክፍላችን እንጀምር።

የወታደር ሰልፍና የሶላት ሶፍ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በውስጣቸው ግን ይለያያሉ። በሰልፉ ላይ አዛዡ ፊቱን ወደ ወታደሩ አዙሮ ይጮኻል። በሶፉ ላይ ኢማሙም እንደኛው ወደ ቂብላ ዞሮ ይቆማል። የቀን ሠራተኛና ባለሀብት ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። ኢማሙ ሲሳሳት ከኋላው ያለ ሰጋጅ «ሱብሓነላህ» ብሎ ያርመዋል። ሶፍ ሥርዓት አለው፤ መሪን የማረም መብትም አለው። በየጁሙዓው እጃችንን አጣምረን በዝምታ ስንቆም ያሳየነው ይህንኑ ነው። ያ እጅ የተነሳው በትእዛዝ ሳይሆን በፈቃዳችን ነው።

ስለዚህ ኡስታዞች አለንጋውን እናስቀምጥ። ወላጆች ልጆቻችን «ለምን?» ሲሉ አፋቸውን አናስይዝ። በፍተሻ ላይ ስንቆም አንሳደብ፣ እጅ አንሰንዝር፤ ፈታሹም የአንዲት እናት ልጅ ነው። አንገታችንን ግን አንድፋ። ጎንበስ የምንለው ለሩኩዕና ለሱጁድ ነው፤ እሱም ለአላህ ብቻ።

አላህ የልጆቻችንን ልብ ከፍርሃትም ከጭካኔም ይጠብቅልን።

አላሁ አክበር!